ጫጩቱን ለቀን ዞር አንበል

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር መንጠቆ ይዘን ከጎንደር ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የመስኖ ግድብ ሄድን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀረሶ (ቲላፒያ) የሚባለው አሳ ጫጩት የተጨመረበት ውሃ ነው። ያን ቀን ሰው ተሰብስቦ፣ ጫጩቱ ከፕላስቲክ ከረጢት ሲለቀቅ ፎቶ ተነስቶ፣ ተጨብጭቦ ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

እስከ ረፋድ ሦስት አሳ ብቻ ያዝን። ትልቁ ከመዳፌ አይበልጥም። ከማዶ ሁለት ልጆች መረብ ሲጎትቱ አየንና ወደ እነሱ ዞርን። መረቡ ያ ሞኖፊላመንት የሚሉት ቀጭን የፕላስቲክ ክር ነው፤ ዓይኑ ሁለት ጣት አያስገባም። አንደኛው ልጅ አንዲት ቀረሶ ከመረቡ ሲያላቅቅ አፏን ከፈተችና ቢጫ ፍሬ የሚመስል ነገር ጭቃው ላይ ዘረገፈች።

«ጋሼ፣ ምን በልታ ነው?» አለኝ።

እንቁላሏ ነበር።

ቀረሶ እንዲህ ናት። ወንዱ ውሃው ጥግ፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ ጎድጓዳ ይምሳል። ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች፤ የሚፈለፈለውም እዚያው አፏ ውስጥ ነው። ከተፈለፈሉ በኋላም ቢሆን ለተወሰኑ ቀናት አደጋ ሲመጣ ልጆቿ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ እናትየው ምግብ የምትቀምስ አይደለችም፤ ስለዚህ መንጠቆ እምብዛም አይዛትም። መረብ ግን ይይዛታል፣ እሷን ሲይዝ ደግሞ አፏ ውስጥ ያለውን ሁሉ አብሮ ይወስዳል። እኛ በመኪና ጭነን የምናመጣውን ጫጩት እሷ በነጻ ታመርትልን ነበር እኮ!

ልጆቹ ላይ አልፈርድም። እናታቸው አዘዞ መንገድ ዳር ትሸጥላቸዋለች፣ ደብተርና ጫማ የሚገዙት ከዚያ ነው። ስለ መረቡ ዓይን የነገራቸው ሰው የለም። እኔ የምናደደው ጫጩት ለቅቀን ዞር የምንለው ላይ ነው። አንድ ግድብ ላይ አሳ ሲጨመር ማን ያጠምዳል፣ በምን መረብ፣ መቼ ይታረፋል የሚለው በዚያው ቀን ካልተወሰነ፣ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ መዳፍ የማታህል አሳ ብቻ ይቀራል፤ ያኔ «ውሃው አይሆንም» ተብሎ ይተዋል።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የፌዴራሉ የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለገበያ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ከግድቡ ዳር ግን ፈቃድህን አሳይ የሚል ሰው አላየሁም። በኔ እምነት ውሃው በስም የሚታወቅ ባለቤት ያስፈልገዋል፤ በዙሪያው ያሉ ወጣቶች ተደራጅተው ይረከቡት። ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ይሰጣቸው፣ ጠባቡ ይሰብሰብ። እንደኔ ለመዝናናት መንጠቆ ይዞ ከከተማ የሚመጣ ሰው ደግሞ ለእነሱ ከፍሎ ይግባ። እኔ በደስታ እከፍላለሁ።

የአንገረብን ግድብ እዚህ ውስጥ አታስገቡብኝ። እሱ የምንጠጣው ውሃ ነው፤ ከላይ ከተራራው የሚታጠበው አፈር እየሞላው ያለው ይበቃዋል።

የሚያሳስበኝ ወደ ጣና የሚፈሰው የመገጭ ወንዝ ነው። እዚያ ላይ ግንባታው ዓመታት የፈጀው ግድብ ሲሞላ አሳ መጨመሩ አይቀርም፣ እኔም እደግፋለሁ። ግን ከቀረሶ ሌላ መገጭን የሚፈልግ አሳ አለ። የጣናው ነጭ አሳ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ ይጓዛል፣ ንጹሕ ውሃ የሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ከእነዚህ ነጭ አሳዎች ብዙዎቹ ዝርያዎች ከጣና ውጭ በዓለም ላይ የትም የሉም። ግድቡ ላይ የቱንም ያህል ቀረሶ ብናረባ እነሱን አይተካም። ስለዚህ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ በክረምት በቂ ውሃ ይለቀቅለት፣ ጣና መግቢያው ላይም በእነዚያ ወራት መረብ አይዘርጋ። ብርብራ በሚባለው ዛፍ ፍሬ ውሃውን መርዞ አሳ መልቀም ደግሞ ጨርሶ ይቅር፤ ትልቁንም ትንሹንም ነው የሚጨርሰው።

አሳ እንደሆነ ገበያ አያጣም። ሁዳዴ ሲገባ አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለአባቶች ልተወውና፣ ፒያሳ ያሉት አሳ ቤቶች በዚያ ሰሞን ባዶ ወንበር የላቸውም። የሚበላው ግን አብዛኛው ከጎርጎራ የሚመጣ የጣና አሳ ነው። ጣና ደክሟል። ግድቦቻችን በደንብ ቢያዙ ትንሽ ያሳርፉት ነበር።

ያቺን ቀረሶ ልጁ ራሱ መልሶ ውሃው ውስጥ ለቀቃት። እንቁላሉን ግን ከጭቃው መልቀም አልቻልንም። ስንሄድ ተከትሎን መጣና «ሰፊ ዓይን ያለው መረብ የት ይሸጣል?» አለኝ። ዋጋውን ጠይቄ እስከ መጪው ቅዳሜ ልነግረው ቃል ገብቻለሁ።