ኮምፒዩተሩ ይቆይ፣ ሚስማሩን አስመዝግቡ

ሰሞኑን ስለ አንድ የውጭ አገር ፈጣሪ እያነበብኩ ነበር። የየትኛውም ኩባንያ ተቀጣሪ አይደለም፤ በግሉ የሚሠራ ሰው ነው። ፓተንት (ሌላው ሰው ፈጠራውን ያለ ፈቃድ እንዳይሠራበት የሚከለክል መብት) ያወጣባቸው ነገሮች ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም። በአንድ በኩል ሞዱላር ኮምፒዩተር አለ፣ ክፍሎቹ እየተነቀሉ በሌላ የሚተኩ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የግንባታ ማያያዣ፣ እነ ሚስማርና ብሎን ያሉበት ሰፈር። ይህን ለደሴ ወይም ለኮምቦልቻ የቴክኒክ ተማሪ ብትነግሩት የሚጠይቃችሁ ስለ ኮምፒዩተሩ ነው። ስለ ሚስማር ደግሞ ምን ይጠየቃል?

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ላቦራቶሪም ባለሀብትም ጠበቃም ከጀርባው ለሌለው ሰው የሚያዋጣው ሚስማሩ ነው።

ኮምፒዩተሩ ምን በደለ? ምንም። ሞዱላር ነገር የሚሠራው ሌላው ሰው ሲስማማ ብቻ ነው፣ ጣጣው እሱ ነው። መሰኪያውን እናንተ ትፈጥሩታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሚሞሪ የሚሠራውም፣ ስክሪን የሚሠራውም፣ ባትሪ የሚሠራውም በእናንተ መሰኪያ ልክ እንዲያመርት ማሳመን አለባችሁ። ግዙፉ የኮምፒዩተር ኩባንያ አይቢኤም እንኳ አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ፒሲ የተስፋፋው የካርድ መሰኪያው ክፍት ስለነበረ ነው። የሰርኪዩት ንድፉን ሳይቀር በመመሪያ መጽሐፍ አሳትሞ ይሸጥ ስለነበር፣ የፈለገ ሁሉ ካርድ ሠርቶ ይሰካበት ነበር። ሌሎች አስመስለው እየሠሩ ገበያውን ሲሻሙት ግን አልዋጥልህ አለውና በ1987 ማይክሮ ቻናል የሚባል በፓተንት የታጠረ መሰኪያ ይዞ መጣ፤ መጠቀም የፈለገ ይክፈል አለ። እነ ኮምፓክ የሚባሉት ተፎካካሪ ኮምፒዩተር ሠሪዎች ዘጠኝ ሆነው ተሰባሰቡና በዓመቱ የራሳቸውን መሰኪያ አወጁ። ማይክሮ ቻናል ተረስቶ ቀረ።

ጉግልም ክፍሎቹ የሚቀያየሩ ስልክ እሠራለሁ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው ፕሮጀክት አራ በ2016 ተዘጋ። ፍሬምወርክ የሚባለው ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ የሚፈታና የሚገጠም ላፕቶፕ እየሸጠ ነው፣ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ እሱ ግን የተለዋጭ ካርዶቹን ንድፍ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ነው የሄደው። እነዚህ እንግዲህ ገንዘብ ያላቸው ናቸው። የደሴ ሸዋበር ሰፈር ልጅ በምን አቅሙ?

(በነገራችን ላይ የደሴ ጥገና ቤቶች ከሞተ ዴስክቶፕ ራም አውጥተው ሌላው ላይ ሲሰኩ ነው የኖሩት፣ የማንም ፓተንት ሳያስፈልጋቸው። አሁን አሁን ግን ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዶ የሚመጣ ላፕቶፕ በዝቷል፤ እነሱም «ቦርዱ ነው፣ ተወው» ማለት ጀምረዋል። ይሄ ያበሳጨኛል፣ ግን ለሌላ ቀን ይቆየን።)

ወደ ሚስማሩ እንምጣ። ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን እዩት። የወሎ ቤት ጣሪያ ባብዛኛው ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። ባሕር ዛፉ በእርጥቡ ነው ጣሪያ ላይ የሚወጣው፤ እስኪደርቅ ወራት የሚጠብቅ ማን አለ? እርጥብ እንጨት ሲመቱበት ሚስማሩን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ሰው ይደሰታል። በጋው ሲገባ እንጨቱ እየደረቀ ይኮማተራል፣ የያዘውንም ሚስማር ያላላል። ቆርቆሮው ደግሞ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል። የደሴን ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በዚህ ሁኔታ ሲጓተት ከርሞ ሚስማሩ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ከዚያ ከጦሳ ተራራ በኩል ነፋስ ሲመጣ ቆርቆሮው መንኳኳት፣ ክረምት ሲገባ ቤቱ መንጠባጠብ ይጀምራል። ቆርቆሮ መቺውን ብትወቅሱት «ጋሼ፣ ሚስማሩ ምን ያድርግ፣ እንጨቱ ነው የከዳን» ይላችኋል። እውነቱን ነው። የእኛ መፍትሔ ድንጋይ መጫን ነው፣ ካልሆነም አሮጌ ጎማ።

ጥሩ ጥሩ መላ የዘየደም አለ። የለስላሳ ቆርኪ ጠፍጥፎ ከሚስማሩ ጭንቅላት ሥር የሚያስገባውን አይታችሁ ይሆናል። ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ራንዴላ የሚሠራም አለ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ይሄ ምህንድስና ነው። ጭንቅላቱ ይሰፋል፣ ጫናው ይከፋፈላል፣ ስስ ቆርቆሮ በነፋስ ተስቦ እንዳይቀደድ ይይዘዋል። ጎማው ውሃም ይከለክላል። የመነቀሉን ነገር ግን አይፈታውም። የሚያስፈልገው እንጨቱ ከደረቀ በኋላም የማይለቅ፣ በተራ መዶሻ የሚመታ፣ ድሪልም መብራትም የማይጠይቅ ማያያዣ ነው። ጠምዛዛ ሚስማር አለ፤ ገላው ላይ ቀለበት ቀለበት ያለውም አለ። ለእኛ እርጥብ ባሕር ዛፍና ለእኛ ስስ ቆርቆሮ ተብሎ የታሰበ ግን እኔ አላጋጠመኝም። ይህን የሚፈታው ሰው ኮምፒዩተር ላይ አይደለም ያለው፤ ጣሪያ ላይ ሚስማር በጥርሱ ነክሶ ነው ያለው።

«ከሚስማር ምን ይገኛል?» ለሚለኝ አርተር ፊሸርን እጠራለታለሁ። ጀርመናዊ ነው፣ ሙያው ቁልፍ ሠሪነት። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የምንገዛው ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ፣ ያው ፊሸር የምንለው፣ የእሱ ሥራ ነው፤ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አንዱን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት። መሐሉ የተሰነጠቀ የናይለን ቁራጭ ነው፣ ጎኑ ላይ ጥርሶች አሉት። ብሎኑ ሲገባበት ይከፈትና የቀዳዳውን ግድግዳ ይገፋል፤ ጥርሶቹ አብሮ እንዳይዞር ይይዙታል። አለቀ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ሰውየው በ2016 ሲሞት ከ1,100 በላይ የፓተንትና የግልጋሎት ሞዴል (የአነስተኛ ፈጠራ መብት) ማመልከቻዎች በስሙ ነበሩ።

ሁሉንም ራሴ ላምርት ማለትም ግዴታ አይደለም። ካናዳዊው ሮበርትሰን ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብሎን ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1909 ፓተንት አገኘ። ግሩም ብሎን ነው፣ ካቻቪቴው አይንሸራተትበትም። ከፎርድ ጋር ግን በፈቃድ አሰጣጡ ሳይስማሙ ቀሩ፤ ትልቁ ገበያ አመለጠው። አሜሪካዊው ፊሊፕስ በተቃራኒው የመስቀል ቅርጽ ያለውን የሌላ ሰው ሐሳብ ገዝቶ አሻሻለና ለአንድ የብሎን ፋብሪካ ፈቃድ ሰጠ፤ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1936 ካዲላክ ላይ ተጠቀመበት። ዛሬ ቤታችን ውስጥ ያለው ብሎን የማን እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ።

የእኛ አገር ሕግስ? አዋጅ ቁጥር 123/1987 ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣ ነው። ፓተንት 15 ዓመት ይቆያል፣ ፈጠራው አገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑ ከታየ 5 ይጨመርለታል። ለሚስማር ሠሪያችን የሚሻለው ግን አነስተኛ ፈጠራ የሚባለው ነው፣ የግልጋሎት ሞዴልም ይሉታል። ዓለም አይቶት የማያውቅ እንዲሆን አይጠበቅም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ ከሆነና ከጠቀመ ይበቃል። 5 ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ጊዜ ለሌላ 5 ይታደሳል። ይህን የሚያውቅ በያጅ ወይም አናጺ ስንት ነው? የሚያውቀው ኤግዚቢሽንን ነው። የሠራውን ይዞ ይወጣል፣ ቴሌቪዥን ይቀርጸዋል፣ ባለሥልጣን ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሐሳቡ ግን በዚያው የሁሉ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ካሜራ።

ማመልከቻው ደግሞ ፎርም መሙላት ብቻ አይደለም፣ ዋናው ነገር መብቱ እስከ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ዓረፍተ ነገር ነው። «የጎማ ራንዴላ ያለው ሚስማር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጎረቤታችሁ በፕላስቲክ ይሠራውና ሕጋዊ ነኝ ይላል። «ከሚስማሩ ጭንቅላት ሥር ያለ ተጣጣፊ ቁስ» ብትሉ ኖሮ እሱም ከአጥሩ ውስጥ ይገባ ነበር። ይህን አጻጻፍ ለአንድ ቆርቆሮ መቺ ማን ያስተምረዋል? ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ለመመረቂያ ተብሎ ከሚሠራው ፕሮጀክት ላይ ትንሽ ጊዜ ቀንሰው ተማሪዎቹን ከነመምህራቸው ወርክሾፕ ለወርክሾፕ ቢያዞሩና የሰዉን መላ በሥዕልና በጽሑፍ ቢያስቀምጡለት፣ ከብዙ የፈጠራ ሳምንት ንግግር ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ የሚያናድድ ነገር ግን አዋጁ ራሱ ውስጥ አለ። ፓተንት ያለው ሰው ዕቃውን ከውጭ የማስገባት ብቸኛ መብት እንደሌለው በግልጽ ጽፏል። እንግዲህ አስቡት፣ ኮምቦልቻ ላይ ማንም አስመስሎ እንዳያመርትባችሁ ትከለክላላችሁ፤ አንዱ ናሙናውን ውጭ ልኮ በኮንቴነር አሠርቶ ሲያመጣው ግን ዝም ብላችሁ ታያላችሁ። ማያያዣ ደግሞ ሲበዛ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በዚህ በኩል የያዛችሁት ሰርተፍኬት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ክርክር ካስፈለገ መከራከር ያለብን በዚህች ንዑስ አንቀጽ ላይ ነው፤ የወሎ የምክር ቤት ተመራጮችም ስለ ወጣቱ ሥራ ፈጠራ ከመናገራቸው በፊት ይህን ቢጠይቁልን ደስ ይለኛል።

እስከዚያው አብሽሩ፣ መንገድ አለ። ኮምቦልቻ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚያመርት ፋብሪካ አለ። ማሽኑም፣ ሽቦውም፣ ገዢውም እዚያው ናቸው። የሚለቀውን ሚስማር የሚያስይዝ ሰው ካለ በሩን ያንኳኳ፣ ፊሊፕስ እንዳደረገው ፈቃድ ይሽጥ፣ ኮንቴነሩ ሳይደርስ ገበያው ላይ ይገኝ። ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጡ በፊት ግን ማመልከቻው መግባቱን ያረጋግጥ።