ከፕላስቲክ ዕቃ ሥር ያለው ቁጥር የአገልግሎት ብዛት አይደለም
ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ከቤት ቤት የሚተላለፈው ምክር፣ ምግብ ታሽጎበት በመጣ ፕላስቲክ ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ዕቃው ስንት ጊዜ ታጥቦ እንደሚያገለግል ያመለክታል የሚል ነው። ምክሩ በቅን ልቡና እንደተሰጠ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ሲሆን፣ የሚገልጸውም የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው፦ 1 ሃይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት፣ 5 ሙቀትን በተሻለ የሚችለው ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ደግሞ ሙቀትን ብዙም የማይችለው ፖሊስታይሪን ነው።

ስሕተቱ የሚጎዳው ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዕቃው ይበረታል ብሎ የሚያምነውን ሰው ነው፤ 6 የተጻፈበትን ስስ ኩባያ ከ5ቱ አስበልጦ፣ ገና ከእሳት የወረደ ንጥር ቅቤ ይገለብጥበታል። ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ሆጃ የቀዳ ሰው ደግሞ ጠርሙሱ ወዲያው ሲጨማደድ ሳያይ አልቀረም። ለማረጋገጥ ዕቃውን ገልብጦ ቁጥሩን ማንበብ፣ ከዚያም የብርጭቆና የሹካ ሥዕል መኖሩን መመልከት ነው፤ ሥዕሉ (በሁሉም ላይ ባይታተምም) ዕቃው ለምግብ መያዣነት መሠራቱን ያሳያል። ደረቅ ምስር ወይም ሽሮ ለማስቀመጥ ግን የምግብ መያዣ የነበረ ዕቃ ንጹሕና በደንብ የደረቀ ከሆነ ቁጥሩ ብዙም አያሳስብም።