11፡59

ድሮ አሳይመንት ማስረከብ ቀላል ነበር። ታሳትማለህ፣ ስቴፕል ትመታለህ፣ መምህሩ ቢሮ ከሌሉ በበሩ ስር ሸጎጥ። ብትዘገይም በር አይመሰክርብህም። "ትናንት እኮ ነው ያስገባሁት፣ መምህር" ብሎ ዐይናቸውን ማየት ነው።

ዘንድሮ በሙድል፣ አሳይመንት በኢንተርኔት በሚቀበለው ሲስተም፣ ሆነ። ስክሪን ደግሞ አይለመንም።

የግሩፕ ሥራ ነው፣ አምስት ነን። አምስት ማለት፣ እኔና አንድ የኮምቦልቻ ልጅ እንሠራለን፤ ሦስቱ "ስሜን እንዳትረሱ" እያሉ በቴሌግራም ያበረታቱናል። ልጁ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ ደሴ እኛ ቤት መጣ። ያለ ጃኬት። ቆላ ቀመስ ሰው የደሴን ብርድ ሁሌም ወሬ ይመስለዋል። እናቴ ጋቢ አከናነበችው።

ማስረከቢያው 11፡59 ይላል። አጠገቡ ያሉትን ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ማናችንም ልብ አላልናቸውም።

"ስንት ሰዓት መሆኑ ነው?" አልኩት።

"ሊነጋ ሲል ነዋ! ለ12 አንድ ደቂቃ ሲቀረው። አብሽር፣ ሌሊቱ በሙሉ የኛ ነው።"

አመንኩት። ለኔ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ሙድልን አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ በፈረንጆቹ 2002 ሲያወጣው ግን ሰዓቱ የፈረንጅ ነበር። የፈረንጅ ቀን በእኩለ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ይቀየራል። በመካከላችን 6 ሰዓት አለ። 6 ሰዓት ደግሞ አንድ ሙሉ አሳይመንት ነው።

3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። እናቴ ከሰል አያይዛ ቡና አፈላች።

"ለማን ነው የምታስረክቡት?"

"ለኮምፒውተር።"

"ሰው ገብቶ ቢለምንላችሁስ?"

አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ በረካው ላይ መረቀችን፣ መብራቱም መጣ። ከሌሊቱ 5፡59 ላይ ምን እንሠራ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ። የሦስቱን ስም ሽፋኑ ላይ ከኛ እኩል እንጻፈው ወይስ አነስ እናድርገው እያልን እንከራከር ነበር። እኔ አነስ ይበል ባይ ነኝ። ልጁ አዛኝ ነው።

ሊነጋጋ ሲል አዛኑም ቅዳሴውም ተሰማ። 11፡40 ላይ፣ 19 ደቂቃ ተርፎን፣ በኩራት ገጹን ከፈትኩት። በቀይ ተጽፏል፤ 5 ሰዓት ከ41 ደቂቃ አልፏል። ፋይል ማስገቢያው የለም። ሪፍሬሽ አደረግኩት። 42 ሆነ። ድጋሚ። 43።

"ቆጠራውስ ትክክል ነው" አለ ልጁ፣ ከጋቢው ውስጥ።

ሱቅ እስኪከፈት ጠብቀን ፒያሳ አሳተምነው። ስቴፕል መታነው። የመምህሩ ቢሮ ተቆልፏል። ጎንበስ ብዬ በበሩ ስር ሸጎጥኩት፣ አልገባም አለ። ገፋሁት፣ መልሶ ገፋኝ። ተንበርክኬ በስንጥቁ ባይ፣ ከውስጥ በኩል ወረቀት በወረቀት ላይ ተቆልሏል።