ፈረንጁ ምን ይናፍቀው?

ፈረንጅ ከሐዋሳ ሊሰናበት ሲል «ከምግባችን የትኛው ይናፍቅሃል?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። መልሱን ቀድመን የምናዘጋጅለትም እኛው ነን። ከሰፈራችን ለሚሄደው ጣልያናዊ አከራዩ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ውለው፣ 12ቱን ብልት አሟልተው ዶሮ ወጥ አቀረቡ። ጥያቄውንም አቀረቡ።

«ፓስታ በእንጀራ፣ እማማ» አላቸው።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ወርሮን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ፓስታው እዚሁ ቀረ። እኛም የሚገባውን ቅጣት ሰጠነው፤ እስኪልም ቀቀልነው፣ በርበሬ አለበስነው፣ እንጀራ ላይ አጋድመን በእጃችን ጠቀለልነው። ይህ ልጅ አገሩ ገብቶ ናፍቆቱን ቢናዘዝ እናቱ ደጅ የምታሳድረው ይመስለኛል።

«ሌላስ ልጄ?» አሉት፣ ድስቱን ወደ እርሱ እያስጠጉ።

«አሞራ ገደል» አለ ልጁ፤ የሐይቁን ዳር የዓሣ ገበያ ማለቱ ነው። እዚህ ላይ እኔም ምራቄን ዋጥሁ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እንደ ዕድር ዳኞች ተኮፍሰው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ገፍፈው አጥንቱን ያወጡለታል፤ ሥጋው እሳት ሳያይ ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል፣ እጅ ግን ከሳህኑ አይመለስም። ከላዩ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ሲጠጣበት ላቡ ጀርባ ድረስ ይወርዳል። በሮም ሐኪሙን ሳያማክር ይህን የሚያደርግ ያለ አይመስለኝም።

«ክትፎስ?» አለ የክትፎ ጠበቃ የሆነው ጎረቤታችን።

«ጥሩ ነው።»

ለክትፎ «ጥሩ ነው» ማለት ስድብ መሆኑን የነገረው የለም። ሲዳማው ወዳጃችን ግን ደረቱን ነፋ፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው በፍቼ ጫምባላላ በዓል ጋብዞት የበላው፣ ከእንሰት ተሠርቶ በቅቤ የራሰው ቡሪሳሜ ከክትፎ በፊት ተጠርቷል። በማንኪያ የሚጠጣው የአቮካዶ ጭማቂና የረቡዕና የዓርብ በያይነቱም ተከተሉ። ልጁ አይጾምም፤ ከጿሚው ቀድሞ ግን ምግብ ቤት ይገኛል።

ዶሮ ወጥ ስሙ ሳይነሳ ቀረ። አከራዩ ቅር ቢላቸውም እናት ናቸውና ሻንጣውን ራሳቸው አዘጋጁለት። በርበሬውንና ሽሮውን ከጠቀጠቁ በኋላ ወደ ሱቅ ልጅ ላኩ።

«ፓስታም ጨምሩበት» አሉ፣ «እዚያ ደህናውን ከየት ያገኛል?»