ስሙን ቻርማውዝ ላይ ያገኘው የዓባይ በረሃ ድንጋይ

ሴትዮዋ ስልኬን ተቀብለው ፎቶግራፉን በጣታቸው እያሰፉ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉና፣ «ይህ የዚህ ባሕር ዳርቻ ድንጋይ አይደለም፤ ከየት አገኘኸው?» አሉኝ። ከኢትዮጵያ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ዳር ከሚታየው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ላይ መሆኑን፣ ድንጋዩንም እዚያው ትቼ ፎቶውን ብቻ ይዤ መምጣቴን ነገርኳቸው። «መተውህ ደግ ነው» ብለው ወንበር ሳቡልኝ።

ይህ የሆነው በደቡብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት ጠረፍ በምትገኘው በቻርማውዝ ነው። እዚያ ማንም ሰው ከባሕሩ ዳር ያነሣውን ድንጋይ ይዞ ገብቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ማዕከል አለ። ከእኔ በፊት ተራ የደረሰው ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር። ከሁለቱም ኪሶቹ እርጥብ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፍ፣ በጎ ፈቃደኛዋ ሴትዮ አንዱንም ሳይንቁ በየተራ እያነሡ ስም ሰጡለት። ጥይት የሚመስለው የቤሌምናይት፣ ማለትም የስኩዊድ ዘመድ የሆነ የጥንት ባሕር እንስሳ ጠንካራ የውስጥ ክፍል ነው፤ እንደ ተጠቀለለ የበግ ቀንድ ያለው አሞናይት የሚባል የጥንት ባሕር እንስሳ ቅርፊት ግማሽ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ቅርጹ ዓይን ቢያታልልም ተራ ባልጩት ነው። ልጁ ባልጩት የተባለውንም ጭምር በጥንቃቄ መልሶ ኪሱ ከተተው።

የእኔ ድንጋይ ከአውራ ጣት ጫፍ እምብዛም አይበልጥም። ከሹል ጫፉ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ሸንተረሮች አሉት፤ የሁለቱ ክዳኖች መጋጠሚያም እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ይላል። እኔ የባሕር ዛጎል ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ሴትዮዋ ግን ሁለቱን መዳፎቻቸውን አጋጥመው አሳዩኝ። «ዛሬ ባሕር ዳር የምታያቸው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች እንዲህ ናቸው፤ አንዱ መዳፍ የሌላው ግልባጭ ነው፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ለብቻው ብታየው ግራና ቀኙ አይመሳሰልም» አሉኝ። ቀጥለው ጣታቸውን ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው አወረዱ። «ያንተው ደግሞ እንደ ፊት ነው፤ መሐሉን ብትከፍለው ግራው ከቀኙ ይገጥማል፣ የላይኛው ክዳን ግን ከታችኛው ይለያል። ስሙ ብራኪዮፖድ ነው፤ ዛጎል የሚመስል ሌላ ዓይነት የባሕር እንስሳ ነው፤ ሸንተረር ካላቸው ሪንኮኔሊድ ከሚባሉት ወገን ይመስለኛል። ከዚህ አልፌ ስሙን እንድነግርህ ከፈለግህ የጎንና የጀርባ ፎቶ ያስፈልገኛል፤ ከየትኛው የድንጋይ ንብርብር እንደተገኘም ማወቅ አለብኝ።»

ይህ ሁሉ የፈጀው ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ነው። ከማዕከሉ ስወጣ ደስታም ቁጭትም ተደባልቀውብኝ ነበር፤ ቁጭቱ ለምን እንደሆነ ልናገር።

ያንኑ ፎቶ አገር ቤት ሳለሁ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ይዤ ሄጄ ነበር። የተቀበሉኝ ሰው በትሕትና አስቀመጡኝ፤ ስለ ጨዋነታቸው ቅሬታ የለኝም። ፎቶውን አይተው የጠየቁኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሰው አጥንት ነው?» አሉኝ። አይመስለኝም ስላቸው፣ «እንግዲያማ ድንጋይ ነው» ብለው ስልኬን መለሱልኝ። ዓመታት ካለፉ በኋላም ይህች «ድንጋይ ነው» የምትለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

ድንጋይ መሆኑንማ እኔም አላጣሁትም። ጥያቄዬ ድንጋይ ከመሆኑ በፊት ምን እንደነበረ ነው። ዓባይ በረሃን በመኪና የወረደ ሰው ሁሉ መጽሐፉ በፊቱ ተዘርግቶለታል። ከላይ እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ ይታያል፤ ዝቅ ሲሉ የኖራው ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰሙ፣ ወደ ወንዙ ሲቃረቡ ደግሞ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። የኖራው ድንጋይ ዳይኖሶሮች በኖሩበት በጁራሲክ ዘመን የአፍሪካን ቀንድ ያለበሰው ባሕር ወለል ነው። ዓለም አቀፍ ስሙም የእኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው የሥነ ምድር ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ በትግራይ፣ በእንጣሎ አካባቢ ባየው ድንጋይ ላይ ተመሥርቶ የእንጣሎ የኖራ ድንጋይ ብሎ ሰየመው። ከዚህ ድንጋይ ከሚታወቁት ብራኪዮፖዶች አንዱ ሶማሊሪንኪያ የሚባል ወገን መሆኑን ያነበብኩት ከቻርማውዝ ከተመለስኩ በኋላ ነው። በትምህርት ቤት ሳለሁ አገራችን በአንድ ዘመን የባሕር ወለል እንደነበረች የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነገረኝም እንኳ «ሄደህ በዓይንህ እየው» የሚለኝ አላገኘሁም።

እንግሊዞቹ በዚህ ነገር እንዴት እንደሚኖሩ ስመለከት የሚገርመኝ የባለሙያዎቻቸው ብዛት አይደለም፤ ባለሙያ ያልሆኑት ሰዎቻቸው የሚሠሩት ሥራ ነው። ኪመሪጅ በምትባለው መንደር ስቲቭ ኤቺስ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ አለ። በትርፍ ጊዜው ለአሥርተ ዓመታት እየለቀመ፣ እያጸዳና የተገኘበትን ቦታ እየመዘገበ ከ2,000 በላይ ቅሪተ አካል አከማቸ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ስብስቡን ለሕዝብ የሚያሳይ ሙዚየም እዚያው መንደር ተከፈተ። በሥነ ምድር የዘመን አቆጣጠር ኪመሪጂያን የሚባለው ጊዜ ስሙን ያገኘው ከዚህችው መንደር ነው፤ የእኛው የእንጣሎ ድንጋይ ከፊሉ የተጋገረውም በዚያው ዘመን ነው። ስለዚህ ያ የቧንቧ ሠራተኛ ዕድሜውን ሙሉ ሲመረምረው የኖረው ዘመንና የእኛ አሽከርካሪዎች በዓባይ በረሃ ጎማ የሚቀይሩበት ዳገት ዘመን ጎረቤታሞች ናቸው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካችው ግን አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአባቷ ጋር በሶመርሴት ጠረፍ፣ ብሉ አንከር በሚባል ቦታ ሲዘዋወሩ የአንድ ትልቅ መንጋጋ ስባሪ አገኙ። ስባሪው ከ202 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ኢክቲዮሶር የሚባል የባሕር ተሳቢ እንስሳ አካል ሆኖ ተገኘ፤ የእንስሳው ሙሉ ርዝመትም 25 ሜትር ያህል ሊደርስ እንደሚችል ተገመተ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢክቲዮታይታን የሚል ስም ወጥቶለት የምርምር ጽሑፉ ሲታተም፣ ልጅቱና አባቷ ከተመራማሪዎቹ ጋር በጸሐፊነት ተመዘገቡ። ባለሙያዎቹ ግኝቱን ተረክበው ልጅቱን በምስጋና ብቻ አላሰናበቷትም፤ በሥራውም በስሙም አካፈሏት።

ይህ ልማድ ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ከቻርማውዝ ጎን ባለችው ላይም ሪጂስ እ.ኤ.አ. በ1799 የተወለደችው የአናጢ ልጅ ሜሪ አኒንግ፣ ገና በልጅነቷ ወንድሟ የራስ ቅሉን ያገኘውን የኢክቲዮሶር ቀሪ አካል ፈልጋ አወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ1823 ደግሞ ፕሌሲዮሶር የሚባል ሌላ የባሕር ተሳቢ እንስሳ ሙሉ አጽም አገኘች። የዘመኗ ሊቃውንት ከእርሷ እየገዙ ጽፈው ሲከበሩ፣ የለንደኑ የሥነ ምድር ማኅበር ሴት በአባልነት አይቀበልም ነበር። ሐውልት የቆመላት እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ዛሬ የ11 ዓመቷ ልጅ ያገኘችው ክብር ለሜሪ አኒንግ ሳይከፈል የቀረ ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መለየት አለብኝ። እንግሊዞቹ ዶርሴት ላይ ሰው ከባሕሩ ዳር ያገኘውን አንሥቶ ወደ ቤቱ እንዲወስድ የሚፈቅዱት ገደሉ በየክረምቱ ስለሚናድና ያልተነሣውን ሁሉ ማዕበሉ ስለሚፈጨው ነው። እነርሱም ቢሆኑ ገደሉን መቆፈር አይወዱም፤ ለሳይንስ ትልቅ ጥቅም ያለው ግኝት እንዲመዘገብ፣ የሚሸጥ ከሆነም አስቀድሞ ለሙዚየሞች እንዲቀርብ ይጠይቃሉ። የእኛ ሕግ ከዚህ ይለያል፤ መለየቱም ተገቢ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በድንገት ያገኘ ሰውም ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው ያዝዛል፤ ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውም ይላል። የሐዳርና የመካከለኛው አዋሽ አጥንቶች በየኪሱ ቢበተኑ ኖሮ ዛሬ የምንኮራበት ነገር አይኖረንም ነበር። ስለዚህ «እኛም እንደ እንግሊዞቹ እንልቀም» የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይደለም።

ነገር ግን አዋጁ «አሳውቅ» ሲል፣ ሊያሳውቅ የመጣውን ሰው «ድንጋይ ነው» ብሎ የሚመልስ ጠረጴዛ ላይ እንዲቆም አልነበረም። አንድ ሰው ያገኘው ነገር ጠቃሚ መሆን አለመሆኑን ሳያውቅ ምኑን ያሳውቃል? የሚያውቅለት ሰውስ የት ተቀምጧል? ቻርማውዝ ያለው ጠረጴዛ አንድ አጉሊ መነጽር፣ ጥቂት ያረጁ መጻሕፍትና ሁለት ወንበሮች ናቸው፤ በአቅም ማነስ የሚሳበብበት ነገር አላየሁበትም።

የሚያይ ዓይንማ ሞልቶናል። በ2008 ዓ.ም. በአፋር፣ ሚሮ ዶራ በሚባል ቦታ፣ የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱን የሰው ዘር ቅድመ አያት የራስ ቅል የመጀመሪያ ቁራጭ ያገኘው አሊ በሬይኖ የአካባቢው አርብቶ አደር ነው። ቀሪውን የራስ ቅል ከቦታው ደርሰው ያገኙት ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሌዲ ገራሩ የ2.8 ሚሊዮን ዓመቱን መንጋጋ እ.ኤ.አ. በ2013 ያገኘው ያኔ ተማሪ የነበረው ቻላቸው ሥዩም ነው። ድንቅነሽ ራሷ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የታየችው ከተዳፋት ላይ ብቅ ባለች አንዲት የክንድ አጥንት ስባሪ ነው፤ ጥቂት ክረምቶች ቢያልፉ ጎርፉ ይዟት ይወርድ ነበር። በዚያ ምድር ከብት የሚጠብቅ ልጅ በአንድ ዓመት የሚረግጠውን መሬት አንድ የምርምር ቡድን በአሥር ዓመት አያዳርሰውም።

ችግሩ ዓይናችንን ሁሉ በሰው ዘር ላይ ብቻ መትከላችን ይመስለኛል። ድንቅነሽ፣ ሰላም፣ አርዲ፣ ኢዳልቱ ብለን እንቆጥራለን፤ እሰየው፣ ኩራታችን ናቸው። ነገር ግን ጭልጋ ላይ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ደን ቅጠልና የጥንት ዝሆን ዘመዶች አጥንት እንደተገኘ ስንቱ ሰው ያውቃል? ሙገርም ሆነ መሰቦ ለሲሚንቶ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ በውስጡ የዚያን ባሕር ነዋሪዎች እንደያዘ ስንቱ ሰው ያስባል? ሲሚንቶው ይቅር አልልም፤ ቤት የሚሠራው በእርሱ ነው። ድንጋዩ ወፍጮው ከመግባቱ በፊት አንድ የሠለጠነ ዓይን ቢያየው ግን ሥራው አይጓተትም። ላይም ሪጂስም በዘመኗ የሲሚንቶ ድንጋይ የሚወጣባት ቦታ ነበረች፤ ከድንጋይ ፈላጮቿ እጅ ብዙ ቅሪተ አካል ተርፏል።

ማየትና መመዝገብ ፈቃድ አይጠይቅም። ሴትዮዋ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው፤ የተገኘውን ነገር ሳትነቅል ከጎኑ ሳንቲም አኑረህ ከላይ፣ ከጎንና ከጀርባ አቅጣጫ ፎቶ አንሣ፤ ቀጥሎ ራቅ ብለህ ንብርብሩ በሙሉ እንዲታይ አንሣ፤ ቦታውንና ቀኑን የዚያኑ ዕለት ጻፍ፣ ነገ ትረሳዋለህና። አጥንት መሰለህ እንደሆነ ስባሪውን በአጉሊ መነጽር እየው፤ በውስጡ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነገር ካለ ተስፋ አለው። የተገኘበት ቦታ የማይታወቅ ቅሪተ አካል ግማሽ ዋጋው እንደጠፋ ነገሩኝ። ልጁ ኪሱ የከተታቸውን እያንዳንዱን ድንጋይ ቀለም በማይለቅ ብዕር ቁጥር የጻፉበት ለዚህ ነበር።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ በዚያው በዓባይ በረሃ መንገድ እንደሚያልፍ ሲነግረኝ አደራ አልኩት። መኪናው ለእረፍት ሲቆም ወርዶ ያንን ድንጋይ ፈልጎ አገኘው፤ እንዳልኩት ሳንቲም አስቀምጦ ከሦስት አቅጣጫ አነሣውና ላከልኝ፤ ንብርብሩንም ራቅ ብሎ አንሥቷል። በመጨረሻ ያላዘዝኩት አንድ ተጨማሪ ፎቶ አለ። ከዚያው ድንጋይ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ክብ ሆኖ ከመሐሉ እንደ አበባ አምስት ቦታ የተከፈለ ነገር ይታያል። ከሥሩ «አጎቴ፣ ይኼስ ምንድን ነው?» ብሎ ጽፎበታል።

እዚያው አገር ለማን እንዲያሳየው እንደምነግረው ሁለት ቀን አሰብኩ፤ አላገኘሁም። ቅዳሜ ጠዋት ፎቶዎቹን ይዤ ቻርማውዝ ሄድኩ።