ማስተካከያ፦ ስለ አሉሚኒየም ጀልባ የኋላ ጣውላ

በሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ለምትጠግኑ ወገኖች ቀደም ሲል በሰጠሁት ማብራሪያ፣ ሞተር የሚታሰርበት የበሰበሰ የኋላ ጣውላ መዳብ ባለበት የብስባሴ መከላከያ መድኃኒት በተነከረ እንጨት ይተካ ማለቴ ስህተት ስለሆነ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንዲህ ያለው እንጨት ሲርስ መዳቡ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ምልክቱም በብሎኖቹ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ዱቄትና መርፌ የወጋው የሚመስል ጉድጓድ ነው። ትክክለኛው አሠራር፣ ውኃ በማይፈታው ሙጫ የተጣበቀ፣ መድኃኒት ያልነካው ኮምፔንሳቶ በአሮጌው ጣውላ ልክ ቆርጦ፣ መላ ገጹን፣ ከሁሉም በላይ ጠርዙንና የብሎን ቀዳዳዎቹን ውስጥ፣ በኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክር፣ ውኃ የማያስገባ ሙጫ) ደጋግሞ መቀባት ነው፤ ውኃ ቀድሞ የሚሰርገው በእነዚህ በኩል ነውና። ብሎኑ የማይዝግ ብረት ሆኖ ውኃ በማያስገባ ማሸጊያ ማስቲሽ ይታሰር። የተነከረውን እንጨት አስቀድማችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ጀልባው ሰው ጭኖ ከመውጣቱ በፊት እባካችሁ አውጡት።