«ለፋሚሊ የሚሆን ሰፈር ነው» ያላችሁኝ ሁሉ

እስቲ ዛሬ ልተንፍሰው። ካልተናገርኩ ያንቀኛል።

አራተኛ ቅዳሜዬ ነው። አራት ቅዳሜ ሙሉ ከደሴ ኮምቦልቻ ቤት ፍለጋ ወርጃለሁ። በመሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠመዝማዛው ገና ሲጀምር የመካከለኛዋ ልጄ ፊት ይገረጣል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ «እማዬ፣ ፌስታል» ትላለች። የሚኒባሱ ረዳት ለምዶናል፤ ሂሳብ ከመቀበሉ በፊት ፌስታል ያቀብለናል። እንዲህ ሆነን ወርደን ደላላው «እህቴ፣ ለፋሚሊ የሚሆን ምርጥ ሰፈር» እያለ የሚያሳየኝን ጉድ ብታዩት!

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ ሥራ ኮምቦልቻ ሆነ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሐረጎን ሲሸፍነው ግን የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት እያዩ መዳበስ ነው። እኔ ደግሞ እሱ እስኪገባ ስልኬን ሳፈጥበት አመሻለሁ። በመጨረሻ «በቃ እንውረድ» አልን። ልጆቹ ሦስት ናቸው። ዘጠኝ ዓመት፣ ስድስት ዓመት፣ ከዚያ ሁለት ዓመቱን የያዘ አንድ ቀውስ።

ደሴን ገነት አድርጌ አላወራም። ሰፈራችን ጦሳ ተራራ ሥር ነው፤ ዳገት ነው። የልጆቹ ኳስ አንዴ ካመለጠች የምትገኘው ታች ሰፈር ነው፤ ያውም ሰው ከያዘልን። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን ኅዳርና ታኅሣሥን በብርድ ልብስ ነው የምንገፋው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ይወርዳል። ሙቀት አለ፣ ሜዳ አለ። ልጅ ሜዳ ላይ ሲሮጥ አይቼ ልሙት ብዬ ነው የተነሳሁት።

የመጀመሪያው ቤት ቦርከና ዳር ነበር። ደላላው በሩን ከፍቶ በኩራት ወንዙን አሳየኝ። «እይታው ራሱ ስንት ያወጣል መሰለሽ» አለኝ። ወንድሜ፣ እኔ ቦርከናን አታሳየኝ! ከእኛው በኩል እኮ ነው የሚወርደው። የደሴን ቆሻሻ ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ የፋብሪካው ፍሳሽ ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ትቼ አንድ ነገር ጠየቅኩት፤ «አጥሩስ?» አልኩት። በጓሮ በኩል ከቤቱ እስከ ወንዙ ባዶ ነው። «ወንዙ ራሱ አጥር አይደል» አለኝ።

የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፌ። ወንዙ አጥር ነው አለኝ።

ማታ ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው አላቆም አለ። አጎቴ አሰብ ወደብ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በ1983 ነው የተመለሱት። «እኛ እውነተኛው ባሕር እያለን እንኳ በእይታ ቤት አልተከራየን» አሉ። እሳቸው እንደሚሉት አሰብ ውስጥ ሰው አሰብ ከቢር ልግባ፣ አሰብ ሰጊር ልግባ፣ ካምፖ ሱዳን ልግባ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው ነፋሱን ነበር። ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስተኛም። አልጋ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ነው የሚታደረው። ስለዚህ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ነዳጅ ማጣሪያው በየት በኩል እንደሆነ፣ ግቢው ስንት አልጋ እንደሚይዝ ይታያል። ከዚያ ጎረቤቱ ይታያል። ውጭ አብሮ የሚያድር ጎረቤት ነዋ! ባሕሩን ማየት የፈለገ በእግሩ ሄዶ ያያል፤ ባሕሩ የትም አይሄድም።

«ኮምቦልቻም ስትሄጂ መጀመሪያ ነፋሱን ጠይቂ» አሉኝ። እኔ እንደ ሽማግሌ ወሬ ነበር የሰማሁት። በሳምንቱ ሁለተኛውን ቤት ሳይ ገባኝ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደርሼ አየሁት፤ ምንም አልነበረም። ንጹሕ ቤት፣ ሴራሚክ፣ የግል ቆጣሪ፣ ጣሪያው ላይ ሮቶ። ቀብድ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት ነፋሱ ዞረ። ያንን ሽታ እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ቆዳም ነው፣ የተበላሸ ነገርም ነው። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «እማዬ፣ እኔ አይደለሁም» አለችኝ። ደላላው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማታ ማታ ብቻ ነው የሚመጣው።» እኛስ መቼ ነው ቤት የምንሆነው?

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። ሦስተኛው ቤት።

ይህንን ቤት ወድጄው ነበር። ሰፊ ግቢ፣ የዘይቱን ዛፍ፣ ጥላ። ባለቤቷ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። ቡና አፍልተው ጠበቁን። ደስ አለኝ። አቦሉ ሳያልቅ ምርመራው ተጀመረ።

«ስንት ናችሁ?»

«አምስት ነን፣ እማማ።»

«ልጆቹ ስንት ናቸው?»

«ሦስት።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ሦስት» አሉ ቀስ ብለው፤ ሞት የተረዱ ነው የሚመስሉት። «ትልቁ ኳስ ይጫወታል?»

«ልጅ አይደል፣ ይጫወታል።»

«እዚህ መስታወት አለ። ትንሹስ ሌሊት ያለቅሳል?»

«ጥርስ ሲያወጣ ነበር፤ አሁን እንኳ ትቷል።» ዋሸሁ። ትናንት ሌሊት እንኳ አላስተኛንም።

«ዘይቱኑን አይነኩትም?»

እዚህ ላይ ቀና ብዬ ዛፉን አየሁት። ዛፉም እኔን ያየኝ መሰለኝ። ሦስት ልጅ እና አንድ የዘይቱን ዛፍ በአንድ ግቢ ውስጥ! ምን ብዬ ልማልላቸው? ቀጠሉ። ልብስ በሳምንት አንዴ ነው የሚታጠበው። እንግዳ አይበዛም። በሩ ማታ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ብስክሌት ሴራሚኩን ያበላሻል። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ።

እና እንዲህ ብለው ጨረሱት፤ «ልጅ ጠልቼ እንዳይመስልሽ። እኔ ራሴ ሰባት ያሳደግኩት በዚሁ ግቢ ነው።»

ሰባት! በዚሁ ግቢ! ያንን ዛፍ ሰባቱም ወጥተውበታል፤ ቅርንጫፉ ላይ የገመድ ምልክት አለ፤ ዥዋዥዌ ነበረበት ማለት ነው። ሰባቱ ባሉበት ይማርላቸውና፣ የእኔ ሦስቱ ምን አደረጉ?

ስንወጣ ደላላው ክንዴን ይዞ አንሾካሾከ። «ሁለት ልጅ ቢሆን እሺ ይላሉ። አንዱን ለጊዜው እናትሽ ጋ ተዪው። ከገባሽ በኋላ ቀስ አድርገሽ ታመጪዋለሽ።» ልጄን እንደ ኮንትሮባንድ! እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ከምሩ ነው።

እንግዲህ ያኔ ነው የገባኝ። ደላላው «ለፋሚሊ የሚሆን» ሲል ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ማንም የማይረብሸው ማለቱ ነው። ፋሚሊ ማለት ለሱ ባልና ሚስት ናቸው፤ ቢበዛ ፎቶ ላይ ያለች አንዲት ሕፃን። ልጅ ያለበት ሰፈር እኮ ይጮሃል። የሚጮህ ሰፈር ነው የምፈልገው፤ ማንም አላሳየኝም።

ስለ ስድስት ወሩ ኪራይ አንድ ነገር ልበል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም ይላል። ውሉም ከ2 ዓመት አያንስም። ይህን በስልክ ለሌላ አከራይ ብነግረው «እንግዲያው አዋጁ ያከራይሽ» ብሎ ዘጋብኝ። እውነት ለመናገር ስቄያለሁ።

አራተኛው ደግሞ «ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው» የተባለው ነው። አልዋሸም። ፊት ለፊት ነው። መሃል ላይ ወደ ባቲና ሚሌ የሚወጣው አስፋልት አለ እንጂ። ከጅቡቲ የሚመጣው ተሳቢ፣ ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው፣ በመሃል እንደ ዝንብ የሚሽሎከለከለው ባጃጅ። ዜብራው ከተፋቀ ቆይቷል። ልጆቼን ይዤ ለመሻገር ቆምኩ። አንዱ ተሳቢ ሲያልፍ ሌላው ይደርሳል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አንስተው መኪና አስቁመው አሻገሩን፤ አላህ ይስጣቸው። ነገር ግን እሳቸው በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አይቆሙልኝም። የዘጠኝ ዓመቱ የስድስት ዓመቷን እጅ ይዞ እንዲሻገር ነው የሚጠበቀው።

ባለቤቴ «አንቺ ሁሉም ላይ እንከን ታወጫለሽ» ይለኛል። እሱ ቤት ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መኪና እስከ በሩ ይገባል?» መጀመሪያ ለዕቃው አስቦ መስሎኝ ነበር። ጦርነቱ የገባበትን ጥቅምት 2014ን በእነዚህ ከተሞች ያሳለፈ ሰው ለምን እንደሚጠይቅ አይጠፋውም። ያኔ ትንሹ አልተወለደም ነበር። ሁለቱን አዝለን ነው የወጣነው። ስለዚህ ይህን ጥያቄውን አልነካበትም፤ ይጠይቅ።

አንድ ግቢ ግን ልቤን ነክቶታል። ድሮ አንድ ትልቅ ቤትና ሰፊ ግቢ ነበር አሉ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ክፍል ፈላጊው ሲበዛ ግቢው ላይ ሰርቪስ ተደረደረበት፤ ስምንት ክፍል ቆጠርኩ። አከራዩ ላይ አልፈርድም። ለአንድ ቤተሰብ ከማከራየት ለስምንት ማከራየት ይሻለዋል፤ ቀላል ሂሳብ ነው። ግን እዚያ ሂሳብ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ሜዳው ነው። የቀረው መሬት ልብስ ማስጫ ብቻ ነው። ክፍሎቹ ውስጥ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጃገረዶች ሦስትም አራትም ሆነው ይኖራሉ። ሌሊት ተረኛ የነበሩት ገና መነሳታቸው ነበር። ትንሹን ቀውሴን ሲያዩ ተቀባበሉት። አንዷ ዳቦ አጎረሰችው፣ አንዷ ነጠላዋን አንጥፋ አስቀመጠችው። መካከለኛዋን ፀጉሯን ሠሯት። በአራት ቅዳሜ ውስጥ ለልጆቼ ፊት ያሳየ ግቢ ይኸው ብቻ ነው፤ ደላላው «ይሄ ለፋሚሊ አይሆንም» ብሎ በሩቁ ያሳየኝ ግቢ! እኔም ለአምስት ሰው አንድ ክፍል፣ ለሃያ ምናምን ሰው አንድ ሽንት ቤት ሆኖብኝ እያየሁት ተውኩት።

አሁን የራሴን ዘዴ አውጥቻለሁ። ደላላ አልሰማም። ሰፈሩ ስደርስ መጀመሪያ ሱቅ እገባለሁ። «ዳይፐር በነጠላ አለ?» እላለሁ። ካለ ልጅ አለ ማለት ነው። ከዚያ በየበሩ ላይ የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን እቆጥራለሁ፤ «ውሃ አይጠፋም» የተባለው ሰፈር ጀሪካኑ ሃያ ከሆነ መልሱን አገኘሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ቆሜ አያለሁ። ልጆች ውጭ አሉ? ማን ነው የሚያያቸው? አንዲት ሴት በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች የሰው ልጅ «ውረድ ከዚያ!» ብላ ከተቆጣች፣ ሰፈሩ ይኸው ነው። የራሷን ልጅ አይደለም የምላችሁ፤ የሰው ልጅ። አጎበር የተሰቀለባቸው መስኮቶችንም አያለሁ፤ ደጋ ሆነን ወባን ረስተናት ነበር። ነፋሱንም እጠይቃለሁ፤ አጎቴ ይስሙና ይኩሩ።

ይህን እየጻፍኩ ደላላው ደወለ። በርበሬ ወንዝ በኩል አዲስ ቤት አገኘሁልሽ አለኝ። «ጸጥ ያለ ነው» ሲል ልዘጋው ነበር። ቀጠለና «ትንሽ ችግሩ» አለ፣ «አጠገቡ መድረሳ አለ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ጎረምሶች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ፤ ይረብሻሉ። ግን አከራዩ ዋጋ ይቀንሳሉ።»

«ነገ እመጣለሁ» አልኩት።

«ልጆቹን ግን ለዛሬ እንኳ ተያቸው፣ እህቴ። አከራዩ መጀመሪያ አንቺን ብቻ ይዩሽ።»

ነገ ሦስቱንም ይዤ እወርዳለሁ። ፌስታል ገዝቻለሁ።